ፊልም የሚያሳብዳችሁ፣ ኮሚክ መሥራት የሚያምራችሁ፦ ከየትኛው ትጀምሩ?

ፊልሙ አልቋል። የሠራተኞቹ ስም ዝርዝር እየወረደ ነው፤ ሌላው ሰው ተነስቶ ሄዷል። እናንተ ግን አሁንም እዚያው የጠፈር መንኮራኩር ውስጥ ናችሁ። «እኔ ብሆን መጨረሻውን እንዲህ ነበር የማደርገው» እያላችሁ ነው። ማታ ደብተር ጀርባ ላይ የጠፈርተኛ የራስ ቁር ትስላላችሁ። ከጎኑ የሮቦት እጅ። ከዚያ ሐሳቡ ይመጣል፤ ፊልም መሥራት አልችልም፣ ኮሚክስ?

ኮሚክ፣ በተከታታይ ሥዕልና ጽሑፍ የሚነገር ታሪክ፣ ካሜራ አይፈልግም። ተዋናይ አይፈልግም። አንድ ከተማ ለማፈራረስ የሚያስፈልጋችሁ እርሳስና ትዕግሥት ነው። ችግሩ ከዚያ በኋላ ያለው ምርጫ ነው። ወረቀት ወይስ ታብሌት? የራስ ታሪክ ወይስ የምወደው ፊልም ገጸ ባሕርይ? የሚገለጥ ገጽ ወይስ ስልክ ላይ ወደ ታች የሚሄድ? እኔ በእነዚህ ጥያቄዎች ወደ ሁለት ዓመት አቃጥያለሁ። ስለ እስክሪብቶ ዓይነት የማላውቀው አልነበረም፤ የጨረስኩት ገጽ ግን አልነበረም። ስለዚህ ከዚህ በታች ሁሉንም የምመዝነው በአንድ ሚዛን ነው፤ የትኛው ቶሎ ያስጨርሳል?

ከፊልሙ የወደዳችሁት ምኑን ነው?

ይህን ሳትመልሱ ወደ ሌላው አትለፉ። «ሳይንስ ፊክሽን እወዳለሁ» የሚሉ ሦስት ሰዎች ሦስት የተለያየ ነገር እያሉ ሊሆን ይችላል። አንዱ ሐሳቡን ነው የሚወደው፤ ማሽን ቢያስብ፣ ጊዜ ወደ ኋላ ቢሄድ፣ ትዝታ ቢሸጥ። ሌላው ዓለሙን ነው የሚወደው፤ የዛገ ቱቦ፣ የተጠጋገነ የጠፈር ልብስ፣ ሁለት ፀሐይ ያለው ሰማይ። ሦስተኛው ፍጥነቱን ነው፤ መንኮራኩሮች ሲሳደዱ፣ ድምፁ ወንበሩን ሲያንቀጠቅጠው።

ሦስተኛው ከሆናችሁ ቁርጡን ልንገራችሁ። ኮሚክ ይህን አይሰጣችሁም። ፊልም በአንድ ሰከንድ ውስጥ 24 ምስል ያሳልፋል፤ እናንተ በአንድ ገጽ ላይ ያላችሁ አምስት ስድስት የሥዕል ሳጥን ነው። ድምፅ የለም፣ ሙዚቃ የለም። አንድ የሕዋ ማሳደድ አሥር ገጽ ይበላባችኋል፤ አንባቢው ደግሞ በግማሽ ደቂቃ ገልጦት ያልፋል። ፍጥነት አትሳሉ እያልኩ አይደለም። ለመጀመሪያ ሥራ ግን በጣም የሚያደክመውና በጣም ትንሽ የሚከፍለው እሱ ነው።

ሐሳብና ዓለም ወዳዶች ግን ዕድለኞች ናችሁ። ማስረጃው ራሱ ከፊልም ወገን ነው። ክሪስ ማርከር እ.ኤ.አ. በ1962 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የሠራው «ላ ዤቴ» የሚባል የ28 ደቂቃ የፈረንሳይ ፊልም አለ። ስለ ጊዜ ጉዞ ነው። ከአንዲት በጣም አጭር ቅጽበት በስተቀር ፊልሙ በሙሉ የቆመ ፎቶግራፍ ነው፤ ምስሎቹ አይንቀሳቀሱም፣ ታሪኩን የሚነግረን ተራኪ ነው። በ1995 የወጣው «ትዌልቭ መንኪስ» የተባለ ፊልም የተነሣው ከዚህ ነው። ምስል ሳይንቀሳቀስ ሰው ሊነካ እንደሚችል የተጠራጠረ ሰው እሱን ይይ። ኮሚክም ከሞላ ጎደል ይኸው ነው።

አንድ ምሳሌ ቀረብ አድርገን እንይ። የመንኮራኩሩ በር እየተዘጋ ነው፤ አንድ ሰው ውጭ ቀርቷል። ፊልም ላይ ሲረን አለ፣ ቀይ መብራት አለ፣ ትንፋሽ ይሰማል። ኮሚክ ላይ ግን በሦስት ሳጥን ይሞከር። አንደኛው፦ መስታወቱ ላይ የተለጠፈ ጓንት። ሁለተኛው፦ የግድግዳው ቆጣሪ፣ «12»። ሦስተኛው፦ ያው መስታወት፣ ጓንቱ የለም፤ የጣቶቹ ጭጋግ ብቻ ቀርቷል። በሩ ሲዘጋ አልሳልንም። የዘጋው አንባቢው ነው፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳጥን መሃል ባለችው ነጭ ክፍተት ውስጥ። ፊልም ያንን ክፍተት ሊሰጠው አይችልም። ኮሚክ ሲሠራ የሚያምረው እዚህ ጋ ነው።

የምትወዱት ፊልም ወይስ የራሳችሁ ታሪክ?

የምትወዱትን ገጸ ባሕርይ መሳል ቀላል መግቢያ ነው። አንባቢው ሰውየውን ያውቀዋል፤ ማን እንደሆነ፣ ምን እንደሚፈራ ማስረዳት አያስፈልጋችሁም። መንኮራኩሩንም ሌላ ሰው አስቦላችኋል። እጃችሁን ለማፍታታት ከዚህ የተሻለ የለም።

ጉዳቱ ደግሞ ግልጽ ነው። ገጸ ባሕርዩ የባለመብቱ ነው። ለራሳችሁ ተለማምዳችሁ መሳቢያ ውስጥ ማስቀመጥ አንድ ነገር ነው፤ አሳትሞ መሸጥ ሌላ። ብዙ ሰው «ጃፓኖች ይሸጡ የለ እንዴ?» ይላል። እውነት ነው፤ ዶጂንሺ የሚባሉ በአድናቂዎች የሚሠሩ ኮሚኮች አሉ፤ ኮሚኬት የተባለው ትልቁ ገበያቸው የተጀመረው በ1975 ነው። እዚያም ቢሆን ነገሩ በአብዛኛው የቆመው ባለመብቶች አይተው እንዳላዩ በማለፋቸው ላይ ነው። ዝም መባል ደግሞ ፈቃድ አይደለም።

የእኔ ምክር ሦስተኛ መንገድ ነው። አራት ገጽ ያህል የምትወዱትን ፊልም ሳሉ፤ ለማንም አትሽጡት። ከዚያ ከፊልሙ የወደዳችሁትን ስሜት ይዛችሁ ስሙንና መልኩን ተዉት። የወደዳችሁት «በሕዋ ውስጥ ብቻውን የቀረ ሰው» ከሆነ እሱን ማንም የግሉ አላደረገውም። የዚያች የተለየች መንኮራኩር ቅርጽና የሰውየው ስም ናቸው የተያዙት።

ፊልምና ኮሚክ ደግሞ ሁልጊዜ ሲበዳደሩ ነው የኖሩት። በ1970ዎቹ አጋማሽ ዳን ኦባነን የሚባል አሜሪካዊ የፊልም ጸሐፊ ፓሪስ ውስጥ ኋላ ሳይሠራ ለቀረ አንድ ትልቅ ፊልም እየተዘጋጀ ነበር። በመሃል የመርማሪ ታሪክን ወደ ወደፊት ዘመን ወስዶ ኮሚክ ጻፈ፤ እዚያው አብሮት ይሠራ የነበረው ፈረንሳዊው ሠዓሊ ሞቢየስ ሳለው። «ዘ ሎንግ ቱሞሮው» ይባላል፤ በ1976 ወጣ። ከሃያ ገጽ አይበልጥም። ዳይሬክተሩ ሪድሊ ስኮት የ1982ቱን «ብሌድ ራነር» ፊልም ሲያዘጋጅ ለከተማው መልክ ካነሣሡት ነገሮች አንዱ ይህ ኮሚክ ነበር። የተደራረበ፣ የቆሸሸ፣ ወደ ላይም ወደ ታችም ማለቂያ የሌለው ከተማ። ኦባነን ራሱ በመሃል የ1979ኙን «ኤሊየን» ፊልም ጽፏል።

ከሃያ ገጽ የማይበልጥ ያልኩትን ያዙልኝ።

ረጅም ወይስ አጭር?

እዚህ ላይ ሚዛናዊ አልሆንም። አጭር።

የመጀመሪያ ኮሚኬ 200 ገጽ እንዲሆን ነበር ያሰብኩት። አምስት ፕላኔት ነበረው። ለእያንዳንዱ ፕላኔት የሦስት ሺህ ዓመት ታሪክ ጻፍኩ፤ የነገሥታት ዝርዝር፣ የጦርነት ካርታ፣ የገንዘብ ስም ሳይቀር። አንድ ሙሉ ደብተር ሞላ። የተሳለው ገጽ ስንት ነው? ሦስት። በሦስተኛው ገጽ ላይ ዋናው ገጸ ባሕርይ ገና ከአልጋው አልተነሣም ነበር።

ረጅም ታሪክ የሚጎዳው ስለሚያደክም ብቻ አይደለም። እጃችሁ እየተሻሻለ ስለሚሄድ ነው። ገጽ 30 ስትደርሱ ገጽ 1 ያሳፍራችኋል። ልታስተካክሉት ትመለሳላችሁ፤ አስተካክላችሁ ስትመጡ ደግሞ ገጽ 15 ያስጠላችኋል። ከዚህ አዙሪት የሚወጣ ጥቂት ነው። በስምንት ገጽ ታሪክ ግን ገጽ 1 ሳያሳፍራችሁ በፊት ገጽ 8 ላይ ደርሳችኋል።

«ታላላቆቹ ረጅም ሠርተው የለም ወይ?» አዎ። ጃፓናዊው የኮሚክ ሠዓሊ ካትሱሂሮ ኦቶሞ «አኪራ» የተባለውን ኮሚክ በ1982 ጀምሮ በ1990 ነው የጨረሰው፤ ከ2000 ገጽ በላይ ነው። እንዲያውም ፊልሙን ራሱ ዳይሬክት አድርጎ በ1988 ሲያወጣ ኮሚኩ ገና አላለቀም ነበር። ነገር ግን አኪራን ሲጀምር ጀማሪ አልነበረም፤ ከዚያ በፊት ለዓመታት አጫጭር ታሪኮች ሲያሳትም ቆይቷል።

ሳይንስ ፊክሽን ደግሞ ለአጭር ይመቻል። አንድ «ቢሆንስ» በቂ ነው። ሮቦቱ ጌታው መሞቱን ባይረዳስ? ወደ ምድር የሚላክ መልእክት 40 ዓመት ቢፈጅና መላሹ የልጅ ልጅ ቢሆንስ? ይህ ለስምንት ገጽ ይበቃል፣ ይተርፋልም።

የሚገለጥ ገጽ ወይስ ወደ ታች የሚወርድ?

ብዙ ሰው ይህን የሚወስነው መጨረሻ ላይ ነው። ትልቅ ስህተት። ገጽ ብላችሁ የሳላችሁትን ኋላ ቆራርጣችሁ ወደ ስልክ ማውረድ ይቻላል፤ ግን እንደ ተተረተረ ልብስ ይሆናል። ሁለቱ የተለያየ አተራረክ ነው።

ገጽ ያለው ትልቁ ሀብት መገለጡ ነው። አንባቢው ወረቀቱን እስኪገልጥ ድረስ ከጀርባው ያለውን አያይም። ከግራ ወደ ቀኝ በሚነበብ መጽሐፍ ገጽ 1 ብቻውን በቀኝ ይቆማል፤ ከዚያ 2 እና 3 ፊት ለፊት ይሆናሉ። ስለዚህ ጭራቁ መውጣት ያለበት በሙሉ ቁጥር ገጽ ላይ ነው፤ 2፣ 4፣ 6። ገጽ 5 ላይ ካስቀመጣችሁት አንባቢው ገጽ 4ን ሳይጀምር በዓይኑ ጠርዝ አይቶታል። አለቀ፣ ድንጋጤው ተበላ። እጥፉ ላይ በስቴፕለር ሽቦ የሚታሰር መጽሔት ከሆነ ደግሞ የገጹ ብዛት ለ4 መካፈል አለበት፤ 8፣ 12፣ 16። ይህንንም ታሪኩን ስትቆርጡ አስቡት።

እዚህ ጋ አማርኛ ራሱ ይረዳችኋል። የእኛ ግሥ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። ቀኝ ገጽ ላይ፣ የመጨረሻዋ ሳጥን ውስጥ «ካፒቴኑን እኮ…» ብላችሁ አቁሙ። አንባቢው ይገልጣል። «…አልቀበርነውም!» ዓረፍተ ነገሩን ማንም አላጣመመውም፤ ቋንቋው በራሱ ጊዜ እዚያ ጋ ነው የሚሰበረው። ይህን ካወቅሁ ጀምሮ ፊኛ (የገጸ ባሕርዩ ንግግር የሚጻፍበት ክብ) ውስጥ የምጽፈውን ግሥ የት እንደማስቀምጥ ሳላስብ ገጽ አልጨርስም።

ወደ ታች የሚወርደው ዓይነት፣ ዌብቱን የሚባለው፣ ኮሪያ ውስጥ በ2000ዎቹ መጀመሪያ የተስፋፋ ነው። መገለጥ የለውም፤ በምትኩ ርዝመት አለው። ባዶ ጥቁር ቦታን የፈለጋችሁትን ያህል ልታስረዝሙ ትችላላችሁ። ጠፈርተኛው ገመዱ ተበጥሶ ሲሄድ አንባቢው ጣቱን አንዴ ይስባል፤ ጥቁር። ሁለቴ ይስባል፤ ጥቁር። ሦስተኛው ላይ ነጥብ የምታህል ሰው። የሕዋን ጸጥታ በዚህ መልኩ ወረቀት ላይ ማሳየት ከባድ ነው። የሮኬት መነሣትም፣ ጉድጓድ ውስጥ መውደቅም፣ ረጅም ሕንጻም እዚህ ይመቻቸዋል። ጎን ለጎን የሚሰፋ ነገር ግን ይጠበዋል። ሰፊ በረሃ ላይ የቆሙ ሁለት ሠራዊቶችን ስልክ ላይ ብታሳዩ ጉንዳን ነው የሚመስሉት።

በልክ ረገድ ስፋቱ 800 ፒክስል የተለመደ ነው። እናንተ ግን በእጥፍ ወይም ከዚያ በላይ ስፋት ሳሉና መጨረሻ ላይ አሳንሱት።

የቱ ይሻላል? ታሪካችሁ በድንጋጤ የቆመ ከሆነ ገጽ። በስፋትና በብቸኝነት የቆመ ከሆነ ወደ ታች የሚወርደው። ብዙ ሰው እንዲያየው ከፈለጋችሁም የኋለኛው ነው፤ ሁሉም ሰው እጁ ላይ ያለው ስልክ ነውና።

ወረቀት ወይስ ታብሌት?

ሰው ብዙ የሚከራከረው እዚህ ላይ ነው፤ ለእኔ ግን ከሁሉም ትንሹ ጥያቄ ይህ ነው። ያላችሁን ያዙ።

ወረቀት የሚጠቅመው ስለማይመልስላችሁ ነው። ቀለም አንዴ ካረፈ አረፈ። ታብሌት ላይ አንድን መስመር ሠላሳ ጊዜ መሰረዝ ትችላላችሁ፤ ትሰርዛላችሁም። አንድ ማታ ሙሉ የአንዲት ሮቦት አገጭ ስስልና ስሰርዝ አድሬያለሁ። ጠዋት ሳየው መጀመሪያ የሳልኩት ይሻል ነበር። በሌላ በኩል የመንኮራኩር ውስጥ ክፍል፣ ቀጥ ያሉ መስመሮች፣ እየደጋገመ የሚመጣ መቆጣጠሪያ ሰሌዳ፣ እነዚህ በታብሌት እጅግ ይቀላሉ። አንዴ ሠርታችሁ ትገለብጣላችሁ።

ወረቀት ከመረጣችሁ ውኃ የማይፈታው ጥቁር ቀለም ያዙ፤ አለበለዚያ ላዩ ላይ የውኃ ቀለም ስታስነኩት ሁሉም ይንጨባረቃል። ከታተመው ልክ ከፍ አድርጋችሁ ሳሉ፤ ሲያንስ እጃችሁ ያጠፋው ሁሉ ይሸፈናል።

ታብሌት ከመረጣችሁ፣ ክሪታ የሚባለው የመሳያ ፕሮግራም ለኮምፒውተር በነጻ ይገኛል፤ በቂም ነው። ክሊፕ ስቱዲዮ ፔይንት ሳጥን መክፈያና ፊኛ መሥሪያው ተዘጋጅቶ የተቀመጠለት ነው። ፕሮክሬት የሚሠራው የአፕል መሣሪያ ላይ ብቻ ነው። ስልክ ብቻ ላለው አይቢስ ፔይንት አለ። ስክሪን የሌለው፣ ኮምፒውተር ላይ እያያችሁ የምትስሉበት ታብሌት ዋጋው ዝቅ ይላል፤ እጅና ዓይን እስኪግባቡ ግን ጥቂት ሳምንት ያንገላታል። ተስፋ አትቁረጡ፣ ይመጣል።

ከመሳላችሁ በፊት ግን የሸራውን ልክ እዩ። እኔ ስምንት ገጽ ሙሉ በ800 ፒክስል ስፋት ሠርቼ ማተሚያ ቤት ወሰድኩት። ስክሪን ላይ ቆንጆ የነበረው መስመር ወረቀት ላይ መጋዝ ጥርስ ሆኖ መጣ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ለኅትመት የሚለመደው 300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች ርዝመት ውስጥ የሚገባ የነጥብ ብዛት) ነው፤ በዚያ ሒሳብ 800 ፒክስል ወደ 7 ሴንቲሜትር ገደማ ብቻ ነው የሚሸፍነው። ለኤ4 ገጽ 2480 በ3508 ያስፈልጋል። ጥቁር መስመር ብቻ ከሆነ እጥፉን፣ 600 ዲፒአይ ብታደርጉት መስመሩ ይበልጥ ይጠራል። ዳር ዳሩንም ለመቁረጫ 3 ሚሊሜትር ትርፍ ሥዕል ጨምሩለት።

ቀለምስ?

ጥቁርና ነጭ። ሕዋ እንደሆነ ጥቁር ነው። ቀለም መቀባት ለእኔ የመሳሉን ያህል ጊዜ ይወስዳል፤ ማለትም ስምንት ገጽ አሥራ ስድስት ሆነ ማለት ነው። በጣም ከጓጓችሁ አንዲት ቀለም ጨምሩ። ቀይን ለማስጠንቀቂያ መብራት ብቻ አስቀምጡት፤ ሌላ ቦታ አትንኩት። ገጽ 6 ላይ ሲበራ አንባቢው ራሱ ይሰማዋል።

ፊደሉን በእጅ ወይስ በኮምፒውተር?

ይህን ማንም አይነግራችሁም፤ ስለዚህ ልቆይበት። እንግሊዝኛ ኮሚኮች ብዙውን ጊዜ በትልልቁ ፊደል ብቻ ነው የሚጻፉት። እኛ ትልቅና ትንሽ ፊደል የለንም። ጩኸትን የምታሳዩት በመጠንና በውፍረት ነው፤ ሹክሹክታን ደግሞ ትልቅ ፊኛ ውስጥ በተቀመጠች ትንሽ ጽሑፍ።

ትንሽ ስትባል ግን ልክ አላት። የፊደሎቻችን ልዩነት አንዲት ጭረት ነው። «መጣ» እና «መጡ» ተመልከቱ። ጽሑፉ አንሶ ትንሽ ከደበዘዘ አንድ ባዕድ ፍጡር የነበረው መንጋ ይሆንባችኋል። ታሪኩ ተቀየረ! የእጅ ጽሑፋችሁ ጥሩ ከሆነ በእጅ ጻፉ፤ ከሥዕሉ ጋር አንድ ነፍስ ይኖረዋል። ካልሆነ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የሚባል ፎንት (የኮምፒውተር የፊደል ቅርጽ) በነጻ ይገኛል፤ ጭረቱ ግልጽ ነው፣ ሲያንስም አይጠፋም። የመጻሕፍት መልክ ያላቸውን ባለ ቀጭን ጭረት ፎንቶች ለተራኪው ድምፅ ተዉአቸው። ለሮቦቱ ሌላ ፎንት ብትሰጡትም ደስ ይላል፤ ሰው እንዳልሆነ ሳይነገር ይታወቃል።

ጽሑፉን ደግሞ ከሥዕሉ በፊት አስቀምጡ። ሥዕሉ ካለቀ በኋላ ፊኛ ፍለጋ ከሄዳችሁ የሚሸፈነው ሁልጊዜ በጣም የደከማችሁበት ነገር ነው። የእኔ በአንድ ሳምንት የተሳለ ሞተር ክፍል አሁን «እሺ፣ ገባኝ» ከሚል ፊኛ ሥር ነው ያለው።

ብቻ ወይስ ከሰው ጋር?

መጻፍ የምትችሉ መሳል የማትችሉ ከሆነ ጓደኛ ፈልጉ፤ ግን አስቀድማችሁ ገጹን በእንጨት ሰው፣ ማለትም በጥቂት ጭረት ብቻ በሚሳል ሰው፣ ሳሉት። ሠዓሊ በቃል ብቻ «ግዙፍ የሆነ የጠፈር ጣቢያ፣ በሺህ የሚቆጠሩ መንኮራኩሮች» ሲባል ይደክመዋል። ለእናንተ አንድ ዓረፍተ ነገር ናት፤ ለእሱ የአራት ቀን ሥራ። ባለቤትነቱንም ከመጀመራችሁ በፊት በጽሑፍ ተነጋገሩ፤ ታሪኩ የማን ነው፣ ቢሸጥ እንዴት ይካፈላል። ጓደኝነት በዚህ ሲበላሽ አይቻለሁ።

ይህን ሁሉ አንብባችሁ አሁንም መወሰን ካቃታችሁ አንድ የኤ4 ወረቀት አምጡ። በርዝመቱ እጠፉት፤ ከዚያ በወርዱ ሁለት ጊዜ እጠፉት። ሲዘረጋ ስምንት እኩል ሳጥን ይሆናል። መሃል ያሉትን አራት ሳጥኖች ላይና ታች በሚለየው መስመር ላይ ብቻ በመቀስ ቅደዱ፤ ዳርና ዳሩን አትንኩ። እንደገና በርዝመቱ አጥፋችሁ ሁለቱን ጫፍ ወደ መሃል ግፏቸው። ስምንት ገጽ ያላት፣ እጅ መዳፍ ላይ የምትቀመጥ መጽሐፍ ትወጣለች። ሽቦ የለ፣ ማጣበቂያ የለ። አንዱ ገጽ ለፊት ሽፋን፣ አንዱ ለጀርባ ይሄዳል፤ ለታሪኩ የሚቀራችሁ ስድስት ነው። ሽፋኑን ገጽ 1 ብላችሁ ስትቆጥሩ በሩ በሦስተኛው ገጽ ላይ መዘጋት ይጀምር፤ ጓንቱ አራተኛው ላይ ሲገለጥ አይኑር።